የእሑድ ጫማ፣ የሰኞ እግር
ስለ ሦስት የስኮትላንድ የትዝታ መጻሕፍት



በዘኍልቍ 11 ላይ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሆነው ግብፅን ሲያስታውሱ ምን እንደ ታወሳቸው ልብ ብላችኋል? ዓሣው፣ ሐብሐቡ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ። ጭቃው፣ ጡቡና የአስገባሪዎቹ ዱላ ግን ከአፋቸው አልወጣም። የዋሹ አይመስለኝም፤ ሽንኩርቱ በእርግጥ ነበረ። ስሕተታቸው ያልነበረ ነገር መጨመራቸው ሳይሆን የነበረውን መተዋቸው ነው።

የትዝታ መጽሐፍ ባነበብኩ ቍጥር ይህ ታሪክ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። በዚህ እትም የማወያያችሁ ስለ ሦስት እንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ነው። ሦስቱም የስኮትላንድ ሰዎች ስለ ልጅነታቸውና ስለ ወጣትነታቸው የጻፏቸው ናቸው። የመጀመሪያው የሞሊ ዌር «ጫማ ለእሑድ ነበር» (1970)፣ ሁለተኛው የራልፍ ግላሰር «በጎርባልስ ማደግ» (1986)፣ ሦስተኛው የኤድዊን ሚዩር «የሕይወት ታሪክ» (1954) ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆን ቋንቋቸው ለእናንተ የሚከብድ አይደለም፤ በተለይ ዌር ጋ አልፎ አልፎ የሚገባ የስኮትላንድ ቃል ቢያስቸግራችሁም ከንግግሩ መንፈስ ትረዱታላችሁ።

ሦስቱንም የምጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው። የእሑዱን ጫማ የሚያስታውስ ሰው የሰኞውን እግር ያስታውሳል ወይ?

መጀመሪያ ቤቱን እንየው

መጻሕፍቱን ለመረዳት የግላስጎን የሠራተኛ ሰፈር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዉ የሚኖርበት ሕንፃ «ቴነመንት» ይባላል። ከድንጋይ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ደርብ ያለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ መንገዱን ሙሉ የሚዘልቅ ሕንፃ ነው። ከመንገዱ የሚያስገባ አንድ የጋራ መተላለፊያ አለው፤ ከዚያ የጋራ ደረጃ ይነሣል። በየደርቡ ጥቂት ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። የአንዳንዱ ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ሻል ያለው አንድ ክፍልና ማድ ቤት አለው። አልጋው ግድግዳው ውስጥ እንደ ትልቅ መስኮት በተከፈለ ቦታ ይገባል፤ መጋረጃ ሲጋረድበት ክፍሉ ሳሎን ይሆናል። መጸዳጃው በደረጃው መታጠፊያ ላይ ለጎረቤት ሁሉ የጋራ ነው።

ደረጃውን የማጠብ ተራ አለ። ተራዋን የዘለለች ሴት ስሟ በሰፈሩ ይነሣል። ልብስ የሚታጠበው «ስቲሚ» በተባለው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ሴቶቹ የቈሸሸውን ልብስ በአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጭነው እየገፉ ይሄዳሉ፤ እንፋሎቱ ውስጥ ሆነው ወሬውንም ልብሱንም አብረው ያሻሉ። የሰፈሩ የኅብረት ሱቅ ደግሞ በዓመት ውስጥ ለአባላቱ ከትርፉ ያካፍላል። ልጅ ለመግዛት ሲላክ የቤተ ሰቡን የአባልነት ቍጥር ይናገራል። ያ ቍጥር እስከ እርጅናቸው ድረስ ከአእምሯቸው ያልጠፋ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። በበጋ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ጫማ ይቈጠባል፤ ለእሑድ ይቀመጣል። እሑድ ሁሉም ታጥቦ፣ ጫማው ተወልውሎ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህ የታሪኩ አንዱ ገጽ ነው።

ሌላኛው ገጽ የሚጀምረው ሰኞ ነው። በብዙ ድሃ ቤቶች አባትየው እሑድ የለበሰው ሙሉ ልብስ ሰኞ ጠዋት ተጠቅልሎ ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ ገንዘብ ወደሚያበድር ሱቅ ይሄዳል። ቤተ ሰቡ ሳምንቱን በዚያ ገንዘብ ይገፋል። ደመወዝ ሲመጣ ልብሱ ከነወለዱ ተከፍሎበት ይወጣል፤ እሑድ ይለበሳል፤ ሰኞ ይመለሳል። ለችግረኛ ልጆች በእርዳታ የሚሰጠው ጫማ ደግሞ ወደ መያዣ ሱቅ እንዳይሄድ ምልክት ይደረግበት ነበር። ጥንቃቄው ይገባኛል፤ ልጁ ባዶ እግሩን እንዳይቀር ነው። ነገር ግን ያ ልጅ በተራመደ ቍጥር ድህነቱን እግሩ ላይ ይዞ ይዞር ነበር። ሌሎች ልጆች ምልክቱን ያውቁታል።

እንግዲህ ይህን ሁለት ገጽ ይዘን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ።

ሞሊ ዌር፦ የምታመሰግን ትዝታ

ሞሊ ዌር በ1910 ተወለደች። ያደገችው በሰሜን ግላስጎ በስፕሪንግበርን ሰፈር ነው። ስፕሪንግበርን የባቡር ሰፈር ነበር፤ እዚያ የተሠሩ የባቡር ሞተሮች በዓለም ዙሪያ ሄደዋል። አባቷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። እናቷ በባቡር ፋብሪካ እየሠራች ልጆቿን ስታሳድግ ቤቱን የያዘችው አያትየዋ ናት። ሞሊ በኋላ በራዲዮና በቴሌቪዥን ዝነኛ ተዋናይት ሆናለች። ወንድሟ ቶም ዌርም ተራራ በመውጣትና ስለ አገሩ በቴሌቪዥን በመተረክ ታዋቂ ሆነ።

የመጽሐፉ ልብ አያትየዋ ናት። ማድ ቤቷ፣ ሾርባዋ፣ ቍጠባዋ፣ ምላሷ፣ ንጽሕናዋ፣ ሁሉም ቅርብ ሆኖ ይታያል። ዌር የተዋናይ ጆሮ አላት፤ የሰው አነጋገር ታስቀራለች። ከሁሉ በላይ ዕቃን ታከብራለች። አንድ ማሰሮ፣ አንድ የተጠገነ ልብስ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ከማርማላታ ጋር፣ በእጇ ሲገቡ ዋጋ ያወጣሉ። ይህ ተሰጥኦ ነው። ዛሬ ስልክ በየሁለት ዓመቱ ለመቀየር ለምንቋምጥ ሰዎች አንድን ዕቃ ይህን ያህል ሲወደድ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እናትየዋ የት ናት? አለች፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ትሥቃለች። ግን ባልዋን በጦርነት ያጣች፣ ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ የምትውል፣ ልጆቿን በሌላ ሰው እጅ ትታ የምትሄድ ወጣት ሴት ማታ ደረጃውን ስትወጣ ምን ያህል እንደ ደከመች በሚገባው ልክ አናይም። ትረካው ድካሙ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ድህነቱ ጨዋታ የሚመስልበት ገጽ አለ።

ስለዚህ ዌርን ሐሰተኛ ልላት ነውን? አይደለም። የጻፈችው በልጅ ዓይን ነው፤ አያቷ ልጅቱ ችግሩን እንዳታይ አድርጋ ስላሳደገቻት ልጅቱ ችግሩን አላየችም። ይህ የአያትየዋ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ጸሐፊዋ ልጅ አይደለችም፤ መጽሐፉን ስታወጣ ስድሳ ዓመት ሞልቷታል። ያ ሁሉ ሣቅ በማን ጀርባ ላይ እንደ ቆመ ለመጠየቅ ጊዜ ነበራት። በጠየቀችባቸው ጥቂት ቦታዎች መጽሐፉ ይጠልቃል፤ ባልጠየቀችበት ደግሞ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል።

ራልፍ ግላሰር፦ ሒሳቡን የማይረሳ ትዝታ

ግላሰር ያደገው በዚያው ከተማ፣ ከክላይድ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው በጎርባልስ ነው። በ1916 የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በዚያ ዘመን ጎርባልስ ከአየርላንድ፣ ከስኮትላንድ ደጋማ አገሮችና ከሩሲያ ግዛቶች ተሰድደው የመጡ አይሁዳውያን በአንድ ደረጃ የሚወጡበት ሰፈር ነበር። እናቱ የሞተችው ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ ነው። አባቱ ቁማር የሚጫወት ሰው ነበር። ግላሰር በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በፀጉር አስተካካይ ቤት ሳሙና የሚቀባ ልጅ ሆነ፤ ከዚያ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተኳሽ ሆኖ ሠራ። ሌሊት ሌሊት እያነበበ በመጨረሻ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ፤ ከግላስጎ እስከ ኦክስፎርድ ድረስም በብስክሌት ሄደ። ርቀቱ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ በእኛ መድረክ ላይ ቢነገር መጨረሻው ይታወቃል፤ እልልታ ነው። ግላሰር ግን እልልታውን አይሰጠንም። ዕድሉ በተገኘ ጊዜ ያመለጠውን ሰው ደስታ ብቻ ሳይሆን ትቶት የሄደውን ሁሉ ይቈጥራል። ሰፈሩን ትቶ መሄድ ለእሱ ድልም ክሕደትም ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግላሰር ከዌር ይበልጣል። የፋብሪካውን ሙቀት፣ የካውያውን ክብደት፣ የደረጃውን ሽታ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ገመና መደበቂያ ማጣትን ሲተርክ ሰኞ ሰኞ ሆኖ ይታያል። አባቱንም ሲያነሣ አይምርም፤ ግን አይጠላምም። ቍጣውና ፍቅሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ያድራሉ።

እሱስ ጕድለት የለበትም? አለበት። አንደኛ፣ መጽሐፉ የወጣው ሰባ ዓመት ሲሞላው ነው፤ ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት ወጣቶች ያወሩትን ወሬ ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል እንደ ሰማው አድርጎ ይጽፋል። ማንም እንዲህ አያስታውስም። ሐሳቡ የእነሱ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን የሰባ ዓመቱ ምሁር ነው። «በግምት እንዲህ ተባባልን» ቢል ምን ይጐድልበት ነበር? ሁለተኛ፣ ሣቅ ይፈራል። ያ ሰፈር ሲዘፍን፣ ልጆቹ በግቢው ሲጯጯኹ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሾርባ ሲያቀብል እምብዛም አንሰማም። ዌር ዱላውን ትታ ሽንኩርቱን ካስታወሰች፣ ግላሰር ዱላውን ይዞ ሽንኩርቱን የረሳበት ጊዜ አለ። ይህም መተው ነው።

ኤድዊን ሚዩር፦ ዘግይቶ የሚመጣ ትዝታ

ሦስተኛው መጽሐፍ ለእናንተ በተለይ የሚጠቅም ይመስለኛል። ገጣሚው ኤድዊን ሚዩር በ1887 በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ በኦርክኒ ደሴቶች ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቤተ ሰቡ መሬቱን ትቶ በ1901 ወደ ግላስጎ ሲሰደድ ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባቱ፣ ሁለት ወንድሞቹና እናቱ ተራ በተራ ሞቱ። እሱ በየቢሮው በጸሐፊነት ሠራ። ከሥራዎቹ አንዱ የእንስሳት አጥንት በሚቃጠልበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሥጋው ገና ያልለቀቀ፣ ትል የሚርመሰመስበት አጥንት በባቡር ይመጣል፤ ሽታው ከተማውን ይሞላል። እሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል።

ይህንን ሁሉ ሚዩር ሳይጮኽ ይተርካል። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው የነበረው ግሪኖክ በተባለች የወደብ ከተማ ነው፤ እሱ ግን በመጽሐፉ «ፌርፖርት» የሚል ስም ሰጣት። ትሉን ለመጻፍ ደፈረ፤ የከተማዋን ስም ለመጻፍ አልደፈረም። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ድክመት ይለው ይሆናል። እኔ ግን ባነበብኩት ቍጥር የበለጠ አምነዋለሁ። ካለፈ አርባ ዓመት በኋላም የሚያሳፍር ነገር መኖሩን ራሱ ነግሮናልና።

ስለ እምነቱም እንደዚሁ ነው። በልጅነቱ በኦርክኒ በተደረገ የመነቃቃት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጌታን ተቀበለ፤ ግላስጎ ከገባ በኋላም ሁለተኛ ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም ብዙ አልቈዩም። ሚዩር አይቀልድባቸውም፤ አያጋንናቸውም። በዚያ ሰዓት የተሰማው እውነት እንደ ነበረ ይናገራል፤ እንዳልጸናም ይናገራል። ከዚያ ረጅም ዘመን ከእምነት ውጭ ኖረ። በ1939 ባለቤቱ ታምማ ሳለች በሴንት አንድሩስ ከተማ አንድ ምሽት ብቻውን ለመተኛት ልብሱን ሲያወልቅ ሳያስበው የጌታን ጸሎት ጮክ ብሎ ሲያነበንብ ራሱን አገኘው። ደጋግሞ ጸለየው። መድረክ የለም፣ ዝማሬ የለም፣ ያየው ሰው የለም። ከዚያ በኋላም የቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ አልሆነም፤ ባገሩ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያለውን ቅሬታም አልደበቀም። ለእኛ ምቹ አድርጎ አልጨረሰልንም። እንደኔ ግን የመጽሐፉ ኃይል እዚያ ላይ ነው፤ የሆነውን ይነግረናል፤ ያልሆነውን አይጨምርልንም።

ሚዛኑ

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? እኔ ሚዩርን አስቀድማለሁ። ኦርክኒ የነበረውን የልጅነት ደስታና የአጥንቱን ፋብሪካ አንዱን በሌላው ሳይሸፍን ይዟልና። ግላሰር ይከተላል። ዌርን መጨረሻ ላይ ባደርጋትም መጀመሪያ እንድታነቡ የምመክራችሁ እሷን ነው፤ ማድ ቤቷን ሳያውቅ ወደ ግላሰር ፋብሪካ የገባ ሰው ሰዎቹ ምን ለማዳን ይደክሙ እንደ ነበር አይገባውም።

መጻሕፍቱ ሌላም ዋጋ አላቸው። የተጻፈባቸው ሰፈሮች ዛሬ የሉም። የጎርባልስ ቴነመንቶች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ፈረሱ። በምትካቸው በ1960ዎቹ ከቆሙት ረጃጅም ፎቆች ባዚል ስፔንስ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት የነደፋቸው በ1993 በፈንጂ ፈረሱ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የስፕሪንግበርን ትልቁ የባቡር ሞተር ኩባንያ በ1962 ተዘጋ፤ ሰፈሩም አብዛኛው ተነሣ። ቤቱ ሲፈርስ ሰው የሚመርጠው የሚጣፍጠውን ትዝታ ነው፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው። ከእናንተም መካከል ሰፈሩ ፈርሶበት ወደ ሌላ የከተማው ጫፍ የሄደ አለ፤ የምለው ይገባዋል። ያን ጊዜ እውነተኛ ትዝታ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ሄዶ የሚያጣራበት ደረጃ የለማ።

በመጨረሻ ይህን ጥያቄ ለምን እንዳነሣሁ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ እናቴ ልጅነት ተናግሬ ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ ረጅም መንገድ በባዶ እግሯ ሄዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን በር ስትደርስ እግሯን ታጥባ ታደርገው እንደ ነበር ነገርኳቸው። ሰዉ ሣቀ፤ አጨበጨበ። እናቴ ከኋላ ወንበር ነበረች። ቤት ስንገባ ቡናውን እያፈላች እንዲህ አለችኝ፦

«ጥሩ ተናገርሽ ልጄ። ጫማው ግን የኔ ብቻ አልነበረም። የእቴቴም ነበር። አንድ እሑድ እኔ እሄዳለሁ፣ አንድ እሑድ እሷ። የኔ ተራ ሲሆን በር ላይ ቆማ ዞር እስክል ድረስ ታየኝ ነበር።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አልጠየቅሽኝማ።»

የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ግን በር ላይ የቆመችውን ልጅ ትቻታለሁ። እክስቴን ከታሪኩ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ስላልጠየቅሁ። የሞሊ ዌርን መጽሐፍ በርዕሱ ስቤ ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እናትየዋን በየገጹ መፈለጌም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዘዳግም 8 ላይ ሙሴ ሕዝቡን አስቡ ሲል ሽንኩርቱን ለይቶ አይሰጣቸውም። ረሃቡንም መናውንም አብሮ ያነሣል። በአርባው ዓመት እግራቸው እንዳላበጠም ይነግራቸዋል፤ ያ መንገድ እግር ሊያሳብጥ የሚችል መንገድ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ነው። ምስጋናው ዋጋ ያገኘው መንገዱ ስላልተደበቀ ነው።

ስለዚህ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን እንኳ ብታገኙ በኅብረታችሁ አንብቡና ተወያዩበት። ከዚያ ወደ አንድ አረጋዊ ሂዱ፤ ወደ አያታችሁ፣ ወደ አንዲት እናት፣ ወደ ጥበቃው አባባ። የእሑዱን ጫማ በደስታ ያወሩላችኋል፤ በደስታ ስሙ። ሲጨርሱ ቸኩላችሁ አትነሡ። ቀስ ብላችሁ «ሰኞስ?» በሏቸው።